ትርፍ አንጀት ብዙ ጊዜ የሚፈነዳው ሆስፒታል ሳንደርስ ነው፦ ሰዓቱን የሚበሉብን ነገሮች ምንድን ናቸው?

«ሆዴን ቁርጥ ቁርጥ እያደረገኝ ነው… ጨጓራዬ መሰለኝ።»

ይህችን ነገር ብሎ የማያውቅ ሰው አለ? አብዛኛውን ጊዜ እውነትም ጨጓራ ነው፣ ወይ የበላነው ነገር ነው፣ በማግስቱ ይለቀናል። አንዳንዴ ግን ትርፍ አንጀት ነው። ትርፍ አንጀት ደግሞ እንደ ጨጓራ «ቆይ ነገ እታከማለሁ» ብትሉት አይጠብቅም።

ዛሬ የምናወራው «ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ነው የደረሰው» ሲባል የምንሰማው ነገር ምን ማለት እንደሆነ፣ እነማን ላይ ቶሎ እንደሚደርስና ምን ማድረግ እንደምንችል ነው። ትንሽ ረዘም ይላል፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት፣ አንድ ቀን ለራሳችሁ ወይ ለቤተሰባችሁ ይጠቅማችኋል።

■ ትርፍ አንጀት ምንድን ነው? ለምንስ ይፈነዳል?

ትርፍ አንጀት ሁላችንም ሆድ ውስጥ ያለች ቀጭን ቱቦ ናት። ትንሹ አንጀት ከትልቁ አንጀት ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ፣ ከሆዳችን በስተቀኝ ወደ ታች ተንጠልጥላ ትገኛለች። ርዝመቷ ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ጣት ብታህል ነው።

ዋናው ነገር ቅርጿ ነው። አንዱ ጫፏ ክፍት፣ ሌላው ዝግ ነው። ፒያሳ ውስጥ መውጫ የሌለው ቅያስ ታውቃላችሁ አይደል? በገባችሁበት ነው የምትወጡት። መግቢያው ላይ መኪና ቆሞ ከዘጋው ውስጥ ያለው ሁሉ እዚያው ይቀራል። ትርፍ አንጀትም እንደዚያ ናት።

መግቢያዋን የሚዘጋው ነገር ብዙ ጊዜ የደረቀና የጠጠረ ሰገራ ነው። አንዳንዴ በኢንፌክሽን ምክንያት ውስጧ ያለው ሥጋ ሲያብጥ ይዘጋታል። አልፎ አልፎ ወስፋትም ሊሆን ይችላል። ከተዘጋች በኋላ የሚሆነው ይሄ ነው፦

1ኛ. ግድግዳዋ የሚያመነጨው ፈሳሽ መውጫ ያጣና ውስጧ ይጠራቀማል። ትነፋለች።
2ኛ. ባክቴሪያዎች እዚያው ይራባሉ፣ መግል ይፈጠራል።
3ኛ. ግፊቱ ሲጨምር ወደ ግድግዳዋ የሚሄደው ደም ይቀንሳል።
4ኛ. ደም ያጣው ሥጋ ይሞታል፣ ይሳሳል፣ በመጨረሻ ይበሳል። «ፈነዳ» የምንለው ይሄን ነው።

ሲበሳ ውስጡ የነበረው መግልና ሰገራ ንጹሕ መሆን ወዳለበት የሆድ ክፍል ይፈሳል። ሰውነት አንዳንዴ ቦታውን በስብና በአንጀት ከቦ ያጥረዋል፣ እዚያው መግል ይቋጥራል። ማጠር ካልቻለ ግን ኢንፌክሽኑ በሆድ ሁሉ ይሰራጫል፣ ወደ ደምም ይገባል። ያኔ ጉዳዩ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ልዩነቱን በቀላሉ ለማየት፦ ያልፈነዳ ትርፍ አንጀት ቶሎ ከተወገደ ብዙ ሰው በ1 ወይ በ2 ቀን ቤቱ ይገባል። የፈነዳ ከሆነ ሆድ በሰፊው ተከፍቶ መታጠብ ሊያስፈልግ ይችላል፣ ለቀናት በደም ሥር መድኃኒት መውሰድ አለ፣ ቁስሉ ሊመግል ይችላል። ቆይቶም አንጀት ተጣብቆ ሌላ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል። ከሥራና ከትምህርት የሚቀርበት ጊዜና ወጪውም አብሮ ይጨምራል።

■ ከሰኞ እስከ ረቡዕ

አሁን አንድ ልጅ እናስብ። ይሄ ልጅ ነገሩን ለማስረዳት የፈጠርነው ነው፣ ግን ስታነቡት የምታውቁት ሰው ይመስላችኋል። 23 ዓመቱ ነው። ራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ ከጓደኛው ጋር ተከራይቶ ይኖራል፣ ፒያሳ ሱቅ ተቀጥሮ ይሠራል። ጊዜው ጾም ነው።

ሰኞ ቀን 9 ሰዓት። እምብርቱ ዙሪያ ያመዋል። የት ቦታ እንደሆነ በጣቱ ማሳየት አይችልም፣ ዝም ብሎ የሚያስጨንቅ ሕመም ነው። «ሳልበላ ስለዋልኩ ነው» ይላል።

ሰኞ ማታ። ምግብ አስጠላው። ያቅለሸልሸዋል፣ አንዴ አስመለሰው። ጓደኛው ከፋርማሲ የጨጓራ መድኃኒት ገዛለት። ጎረቤት ፌጦ በጥብጣ ሰጠችው።

ማክሰኞ ጠዋት። ሕመሙ ቦታ ቀየረ። አሁን በቀኝ በኩል ወደ ታች ነው፣ በአንድ ጣት ያሳየዋል። ሲያስል ይወጋዋል። ሰውነቱ ሞቅ ብሏል። ግን ሱቁን ማን ይከፍታል? የማስታገሻ መርፌ ተወግቶ ሥራ ገባ። መርፌው አስታገሰው። «ተሻለኝ» ብሎ ቤተሰቡን አረጋጋ።

ማክሰኞ ማታ። የመርፌው ጉልበት አለቀ። ሕመሙ ባሰ። «ነገ ካልተሻለኝ እሄዳለሁ።»

ረቡዕ ሌሊት 9 ሰዓት። ሕመሙ ከጀመረ ልክ 36 ሰዓት ሞላው።

እዚህ ጋ እናቁመው። ይህች 36 ሰዓት የምትባል ቁጥር ትርጉም አላት።

እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ የኒው ዮርክ ጥናት 219 የትርፍ አንጀት ታማሚዎችን አይቶ ነበር። ሕመሙ ከጀመረ 36 ሰዓት ሳይሞላ የመፈንዳት ዕድሉ 2 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ነበር። ከ36 ሰዓት በኋላ ግን ሳይታከሙ በቆዩ ቁጥር በየ12 ሰዓቱ 5 በመቶ የመፈንዳት አደጋ ነበረ።

5 በመቶ ትንሽ ይመስላል። ግን ይደራረባል። በዚህ ስሌት ልጃችን እስከ አርብ ቀን 9 ሰዓት ቢቆይ ከ4 አንድ ወደሚሆን አደጋ ይጠጋል። ይሄ አማካይ እንደሆነም አትርሱ፤ 24 ሰዓት ሳይሞላ የፈነዳበት ሰው አለ፣ 3 ቀን ቆይቶ ያልፈነዳበትም አለ። ማን የትኛው እንደሆነ ግን ቤት ተቀምጦ ማወቅ አይቻልም።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ሲፈነዳ ውስጥ የነበረው ግፊት ስለሚለቅ ሕመሙ በድንገት ቀለል ሊል ይችላል። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ለቀቀኝ» ይባላል። ከሰዓታት በኋላ ግን ሕመሙ በሆድ ሁሉ ተሰራጭቶ፣ ከከፍተኛ ትኩሳት ጋር ይመለሳል። ስለዚህ ከባድ የሆድ ሕመም ሕክምና ሳያገኝ ድንገት ጠፋ ማለት ሁልጊዜ ዳነ ማለት አይደለም።

■ ታዲያ ሰዓቱ የሚባክነው የት ነው?

ብዙዎቻችን «ሆስፒታል ወረፋ ላይ ነው የፈነዳበት» ሲባል እንሰማለን። ሊሆን ይችላል። ግን ትልቁ ክፍል ሌላ ቦታ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2023 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ነበር። በፊንላንድና በኖርዌይ ሆስፒታሎች 1800 ገደማ ሰዎችን ለሁለት ከፈሉ። ሁሉም ትርፍ አንጀታቸው የታመመ ግን የፈነዳ የማይመስል ነው። ግማሾቹ በ8 ሰዓት ውስጥ፣ ግማሾቹ በ24 ሰዓት ውስጥ ቀዶ ሕክምና እንዲያገኙ ተደረገ። ውጤቱ? ፈንድቶ የተገኘባቸው 8 በመቶና 9 በመቶ ነበሩ። ልዩነት የለም ማለት ይቻላል።

ይሄ «ሆስፒታል ቢያዘገይም ችግር የለውም» ማለት አይደለም። እነዚያ ሰዎች ተመርምረው፣ አልጋ ይዘው፣ ሐኪም እያያቸው ነበር የሚጠብቁት። ትምህርቱ ሌላ ነው፦ አደገኛው ሰዓት ማንም ሳያያችሁ ቤት የምታሳልፉት ሰዓት ነው። ብዙው ትርፍ አንጀት የሚፈነዳውም ሰው የሆስፒታል በር ሳይረግጥ ነው።

ድልድዩ አካባቢ ስላለው ልጅ ይሄን ስታስቡ ይገርማችኋል። ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ አራት ኪሎ ወጥታችሁ፣ ስድስት ኪሎ ላይ የካቲት 12 ሆስፒታል አለ። ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና በኩል ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል አለ። መንገዱ የደቂቃዎች ነው። 36ቱን ሰዓት የበላው መንገዱ አይደለም። «ጨጓራ ነው»፣ «ነገ ይሻለኛል»፣ «ሥራ አለብኝ»፣ «ስንት ያስከፍሉኛል?» የሚሉት ናቸው።

■ ንጉሥም ቢሆን

ማዘግየት የድሃ ወይ ያልተማረ ሰው ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ድልድዩን ስሙ የያዘለትን ሰው የሚነካ አንድ ታሪክ አለ።

እ.ኤ.አ. በ1902 የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ 7ኛ ሊነግሥ ቀን ተቆርጦ ነበር፣ ሰኔ 26። ከመላው ዓለም እንግዳ ተጠራ። ከኢትዮጵያ ደግሞ አፄ ምኒልክን ወክለው ለዚሁ ንግሥ ወደ እንግሊዝ የተጓዙት የሐረሩ ገዢ ራስ መኮንን ነበሩ።

ንጉሡ ግን ከበዓሉ በፊት በነበሩት ቀናት ሆዱን ያመው ነበር። በዓሉ እንዲቀር አልፈለገም፣ ቻለው። በመጨረሻ ሁለት ቀን ሲቀረው ሐኪሞቹ እምቢ አሉ። ሰኔ 24 ቀን እዚያው ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ፍሬድሪክ ትሪቭስ የተባለው ቀዶ ሐኪም ሆዱን ከፍቶ ከትርፍ አንጀቱ ዙሪያ የተቋጠረውን መግል አፈሰሰ። ንጉሡ ተረፈ፣ ንግሡም ወደ ነሐሴ 9 ተዛወረ።

ያ ቀዶ ሐኪም ራሱ በትርፍ አንጀት ሕክምና በአገሩ ከታወቁት አንዱ ነበር። ከ2 ዓመት በፊት ግን፣ በ1900፣ የገዛ ልጁን ያጣው በዚሁ በትርፍ አንጀት በሽታ ነው። በሽታው የሐኪም ቤትም አያልፍም።

ሌላም አለ። ዝነኛው የአስማት ትርዒት አቅራቢ ሃሪ ሁዲኒ እ.ኤ.አ. በ1926 ሆዱን እያመመውና እያተኮሰው ዲትሮይት ከተማ መድረክ ላይ ወጣ። ትርዒቱን ጨርሶ ነው ሆስፒታል የገባው። ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ነበር። በ52 ዓመቱ፣ ጥቅምት 31 ቀን ሞተ። ያኔ አንቲባዮቲክ አልነበረም። ዛሬ አለ፣ ዕድላችን ከሁዲኒ በጣም ይሻላል፤ ግን በጊዜ ከደረስን ነው።

■ የመፈንዳት ዕድላቸው ከፍ የሚለው እነማን ናቸው?

ትርፍ አንጀት በብዛት የሚይዘው ከ10 እስከ 30 ዓመት ያሉ ወጣቶችን ነው፣ እናንተን ማለት ነው። የመፈንዳት ዕድሉ ከፍ የሚለው ግን ከዕድሜው ሁለት ጫፍ ላይ ነው።

• ሕፃናት። ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ «እዚህ ጋ ያመኛል፣ ሰኞ ጀመረኝ» ብሎ አይነግራችሁም። ያለቅሳል፣ አይበላም፣ ያስመልሳል፣ ያተኩሰዋል። የብዙ የልጆች በሽታ ምልክት ይሄው ነው። በዚህ ምክንያት በዚህ ዕድሜ ትርፍ አንጀት ሲታወቅ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ፈንድቶባቸው ይገኛሉ። ታናሽ እህት ወንድም ያላችሁ፦ ሆዱን ሲነኩት የሚጮህ፣ ጎብጦ የሚሄድ፣ መዝለልና መጫወት የተወ ልጅ ካያችሁ ቶሎ ውሰዱት።

• አረጋውያን። ዕድሜ ሲገፋ ሕመሙም ትኩሳቱም ደብዘዝ ይላል። አያቶቻችን ደግሞ «ደህና ነኝ፣ አታስቸግሩ» ይላሉ። ስኳርና ደም ግፊት ካለባቸው አካላቸው ኢንፌክሽኑን የመቋቋም አቅሙ ያንሳል። አያታችሁ ሆዳቸውን አሟቸው ምግብ ከተዉ «እርጅና ነው» ብላችሁ አትለፉት።

• ነፍሰ ጡሮች። እርግዝናው እየገፋ ሲሄድ ማህፀን ትርፍ አንጀትን ወደ ላይ ሊገፋት ስለሚችል ሕመሙ ከተለመደው ቦታ ከፍ ሊል ይችላል። ማቅለሽለሽና ማስመለስም «የእርግዝና ነው» ይባላል። ሲፈነዳ ግን ለእናትም ለጽንሱም አደጋው ይጨምራል።

• ወጣት ሴቶች። በቀኝ በኩል ወደ ታች የሚያም ነገር ሁሉ «የወር አበባ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ሊሆን ይችላል። የእንቁልጢ ችግር ወይም ከማህፀን ውጪ የተፈጠረ እርግዝናም ሊሆን ይችላል፣ እሱም ራሱ ድንገተኛ ነው። ሕመሙ ከለመዳችሁት የተለየ ከሆነ መታየት ነው።

• በሽታ የመከላከል አቅማቸው የቀነሰ። ስኳር ያለባቸው፣ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ፣ ወይም ለሌላ በሽታ የሰውነት መከላከያን የሚቀንስ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ የሚወስዱ ሰዎች ምልክቱ ሳይጎላ ሊብስባቸው ይችላል።

• መግቢያዋ ላይ የጠጠረ ሰገራ ያለባቸው። ይሄን ከውጭ ማወቅ አይቻልም፤ አልትራሳውንድ ወይም ሲቲ ስካን ነው የሚያሳየው። ካለ ግን የመፈንዳት ዕድሉ ከፍ ይላል።

• በራሳቸው መድኃኒት ሲያስታግሱ የቆዩ። እዚህ ጋ ግልጽ እንሁን፦ ማስታገሻ በራሱ ትርፍ አንጀት አያፈነዳም። ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሞችም ማስታገሻ ይሰጣሉ። ጉዳቱ ሕመሙ ሲቀንስ «ዳንኩ» ብለን ሌላ 12 ሰዓት ማባከናችን ነው።

■ «በአንቲባዮቲክ ይድናል አሉ እኮ!»

አዎ፣ ይሄ ወሬ እውነት አለው፣ ግማሽ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ በ1552 አዋቂዎች ላይ የተሠራ ትልቅ ጥናት ነበር። ገሚሱ በቀዶ ሕክምና፣ ገሚሱ በአንቲባዮቲክ ታከመ። አንቲባዮቲክ ከተሰጣቸው ውስጥ ከ10 ሰው 7 ገደማ በ3 ወር ውስጥ ቀዶ ሕክምና አላስፈለጋቸውም። 3ቱ ግን አስፈለጋቸው። መግቢያዋ ላይ የጠጠረ ሰገራ ካለባቸው ደግሞ ከ10 ሰው 4ቱ ቀዶ ሕክምና ገቡ።

ግን እነዚህ ሰዎች ሆስፒታል ሄደው፣ ተመርምረው፣ በሽታው ትርፍ አንጀት መሆኑ በምርመራ ታይቶ፣ መድኃኒቱ በደም ሥር ተጀምሮላቸው ነው። ፋርማሲ ሄዶ «የሆድ አንቲባዮቲክ ስጠኝ» ማለት ይሄ አይደለም። በግምት የተወሰደ ክኒን በሽታውን ሳያድን ምልክቱን ብቻ ሊደብቀው ይችላል።

■ ኪስና መንገድ

እስካሁን ያወራነው ስለ ሰውነትና ስለ ልማድ ነው። ግን «ለምን አረፈድክ?» ብለን ታማሚውን ብቻ ብንወቅስ ፍትሕ አይሆንም።

እ.ኤ.አ. በ1994 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ላይ የወጣ ጥናት ካሊፎርኒያ ውስጥ ትርፍ አንጀት የያዛቸውን አዋቂዎች አነጻጽሮ ነበር። ኢንሹራንስ የሌላቸውና በመንግሥት የድሆች መድህን የሚታከሙት፣ የግል መድህን ካላቸው ጋር ሲነጻጸሩ የመፈንዳት ዕድላቸው ግማሽ ያህል ይበልጥ ነበር። በሽታው አንድ ነው፣ የተለየው ኪስ ነው። የጤና ባለሙያዎች ፈንድቶ የሚመጣን ትርፍ አንጀት የአንድ አካባቢ ሰው ሕክምና በቀላሉ ያገኛል ወይስ አያገኝም የሚለውን ለመለካት የሚጠቀሙበት ለዚህ ነው።

ወደ እኛ እናምጣው። የቀን ሠራተኛ ዛሬ ካልሠራ ዛሬ አይበላም፣ «እስከ ማታ ልቻለው» ቢል አይፈረድበትም። ከገጠር የሚመጣ ሰው ደግሞ መጀመሪያ ጤና ኬላ፣ ከዚያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ሪፈር ተጽፎለት ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ይሄዳል። እያንዳንዱ ደረጃ ሰዓት ይበላል። ይሄን ርቀት ለማሳጠር ነው አገራችን እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ጤና መኮንኖችን በድንገተኛ ቀዶ ሕክምና በማስተርስ ደረጃ ማሠልጠን የጀመረችው፤ ከከተማ ራቅ ያሉ ሆስፒታሎች ውስጥ እነሱም ትርፍ አንጀት ያወጣሉ፣ በቀዶ ሕክምናም ያዋልዳሉ።

ለፒያሳ ልጆች አንድ ነገር። በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳና ከአካባቢው ተነስታችሁ ወደ ከተማዋ ዳር የሄዳችሁ ብዙ ናችሁ። ድሮ «የካቲት 12 እዚህ ነው» ትሉ ነበር። አሁንስ? አዲሱ ሰፈራችሁ በሌሊት ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና የሚሰጠው የቅርብ ሆስፒታል የቱ ነው? ሳትታመሙ ጠይቃችሁ እወቁ። ከታመማችሁ በኋላ መጠየቅ ሰዓት ይፈጃል።

ሌላው የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን ነው። ቤተሰባችሁ አባል ከሆነ ደብተሩ መታደሱን ዛሬ እዩ። በር ላይ «ስንት ይሆን?» የሚለው ፍርሃት ብዙ ሰው ያስቀራል።

■ እንዴት እንጠርጥር?

በሽታውን የሚያረጋግጠው ሐኪም ነው። የእኛ ሥራ መጠርጠር ነው። እነዚህ ሲገጣጠሙ ጠርጥሩ፦

✔ እምብርት ዙሪያ ጀምሮ ወደ ቀኝ ታችኛው ሆድ የሄደ ሕመም
✔ የምግብ ፍላጎት መጥፋት
✔ ከሕመሙ በኋላ የመጣ ማቅለሽለሽ ወይም ማስመለስ
✔ ቀለል ያለ ትኩሳት
✔ ስታስሉ፣ ስትራመዱ ወይም ስትዘሉ የሚብስ ሕመም

የመጨረሻዋን በተመለከተ አስቂኝ የሚመስል ግን እውነተኛ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ የወጣ ነው። የእንግሊዝ ሐኪሞች ትርፍ አንጀት የተጠረጠረባቸውን ሰዎች «ወደዚህ ስትመጡ መኪናው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ሲያልፍ አመማችሁ?» ብለው ጠየቁ። ጉብታ አልፈው ከመጡት ውስጥ 34ቱ ትርፍ አንጀት መሆኑ ተረጋገጠ፣ ከ34ቱ 33ቱ «አዎ፣ ባሰብኝ» ያሉ ነበሩ! በእኛ ቋንቋ፦ ታክሲው ኮብልስቶን ላይ ሲንገጫገጭ ቀኝ ሆዳችሁን የሚወጋችሁ ከሆነ ቀልድ አይደለም። ግን በተቃራኒው፣ አመመኝ ያለ ሁሉ ትርፍ አንጀት አልነበረበትም። ስለዚህ ይሄ ወደ ሐኪም የሚልክ ምልክት እንጂ ፍርድ አይደለም።

ሁሉም ሰው በዚህ ቅደም ተከተል አይታመምም። የአንዳንዱ ትርፍ አንጀት ወደ ጀርባ ወይም ወደ ታች ዞራ ስለምትተኛ ወገቡን ያመዋል፣ ሽንቱን ያቃጥለዋል ወይም ተቅማጥ ይይዘዋል። «በቀኝ አይደለም፣ ስለዚህ አይደለም» አትበሉ።

እነዚህ ካሉ ደግሞ ፈንድቶ ሊሆን ይችላልና አንድ ደቂቃም አትጠብቁ፦ ሆድ እንደ እንጨት መድረቅ፣ በሆድ ሁሉ የተሰራጨ ሕመም፣ ከፍተኛ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት፣ የልብ ምት መፍጠን፣ መደንዘዝ ወይም ግራ መጋባት።

■ ምን እናድርግ? ምን እንተው?

▪ ሕመሙ የጀመረበትን ሰዓት ስልካችሁ ላይ ጻፉ። ሐኪሙ መጀመሪያ ከሚጠይቃችሁ ነገሮች አንዱ ነው።
▪ እየባሰ የሚሄድ ወይም ቦታ የቀየረ የሆድ ሕመም ካለ በዚያው ቀን ታዩ። «ነገ» የለም።
▪ ቅርባችሁ ጤና ጣቢያ ከሆነ እዚያ ሂዱ። ሪፈር ከጻፉላችሁ ግን ያኔውኑ ሂዱ፣ ወረቀቱን ይዛችሁ አትደሩ።
▪ ትርፍ አንጀት ከተጠረጠረ ምንም አትብሉ፣ አትጠጡ። ቀዶ ሕክምና ሊኖር ይችላል።
▪ የወሰዳችሁትን መድኃኒት ሁሉ፣ ከነሰዓቱ፣ ለሐኪሙ ተናገሩ። የባህል መድኃኒትም ቢሆን አትደብቁ። አይቆጡም፣ ቢቆጡም ተናገሩ።
▪ የሚያስቀምጥ ነገር አትውሰዱ። ኮሶም፣ የጉሎ ዘይትም፣ የፋርማሲም ይሁን።
▪ ሆዳችሁን አታሳሹ።
▪ ጸበል መጠመቅ፣ ዱዓ ማስደረግ የእምነታችሁ ነው፤ ከሐኪም ጋር አብሮ ይሄዳል። ሐኪሙን ለሌላ ቀን ማሳደር ግን አይሆንም።
▪ መንቀሳቀስ ካቃታችሁ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥጋት 939 ነው። አሁኑኑ ስልካችሁ ላይ መዝግቡ።

ሐኪም ጋ ስትደርሱ ደግሞ «ሲቲ ስካን የለም፣ ስለዚህ አያውቁትም» ብላችሁ አትጨነቁ። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት አልቫራዶ የሚባል ባለ 10 ነጥብ መለኪያ አለ። ከ10ሩ 7ቱ ነጥብ የሚገኘው እናንተን በመጠየቅ፣ ሆዳችሁን በመዳሰስና ሙቀታችሁን በመለካት ነው። የቀረው 3 ከቀላል የደም ምርመራ ነው። ለዚህ ነው ታሪኩን በትክክል መናገር ትልቅ ዋጋ ያለው።

■ ሦስት የሰፈር ወሬዎች

«በልተህ አትሩጥ፣ ትርፍ አንጀት ይይዝሃል።» ሁላችንም ተብለናል። በልቶ መሮጥ ጎንን ሊወጋ ይችላል፣ ትርፍ አንጀት ግን አያመጣም።

«የዘይቱን ፍሬ ከዋጥክ ይገባብሃል።» የፍሬ ዘር ትርፍ አንጀት ውስጥ የተገኘበት አጋጣሚ አለ፣ ግን እጅግ ብርቅ ነው። ዘይቱናችሁን ብሉ።

«ትርፍ ስለሆነ ምንም አይደል።» ስሙ ነው ያሳሳተን። ካወጧት በኋላ ያለ እሷ በደንብ መኖር ይቻላል፣ እውነት ነው። ታማ ሆድ ውስጥ ስትቀመጥ ግን «ትርፍ» አይደለችም።

በመጨረሻ አንድ ነገር። በጊዜ ሄዶም የፈነዳበት ሰው አለ፣ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ሁሉንም መከላከል አይቻልም። ግን ማክሰኞ ጠዋት ላይ ያንን ልጅ «ና፣ ታክሲ ልያዝልህ፣ እንሂድ፣ ሱቁን እኔ እነግራቸዋለሁ» የሚለው አንድ ጓደኛ ቢኖረው ኖሮ ብዙ ነገር ይቀየር ነበር። ብዙ ጊዜ የታመመው ሰው ራሱ አይወስንም፤ አጠገቡ ያለው ነው የሚወስንለት።

አብሯችሁ ለሚኖር ጓደኛ፣ ለእናታችሁ፣ ዶርም ላለች እህታችሁ ሼር አድርጉት። ጤና ይስጥልን።